ከእህሉ ቅርፊት እስከ ቡናው ስኒ፦ በደቡብ ጎንደር ደጋ ማዕድ ላይ ያሉ ፊኖሊክ ውህዶች ጥቅምና ጥንቃቄ

ከባሕር ዳር ከተማ በስተምሥራቅ 100 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ የምትገኘው ደብረ ታቦር የደጋውና የወይና ደጋው ምርት የሚገናኝባት የገበያ ከተማ ናት። ከጉና ተራራ ተዳፋት የሚወርደው ገብስ፣ ባቄላና ድንች፣ ከፎገራ ሜዳ የሚመጣው ሩዝና ቀይ ሽንኩርት፣ ከወይና ደጋው የሚሰበሰበው ጤፍ፣ ዳጉሳና ተልባ ጎን ለጎን ለገበያ ይቀርባሉ።

ሸማቹ እህሉን ከሚመርጥባቸው መለኪያዎች አንዱ ቀለሙ ነው። ነጭ ጤፍ ከቀይ ጤፍ የተሻለ ዋጋ ያወጣል፤ ነጭ እንጀራም ለእንግዳና ለድግስ የሚቀርብ የክብር ምግብ ተደርጎ ይታያል። ቀይ ጤፍና ዳጉሳ ግን ለረጅም ዘመን የችግር ጊዜ እህል ተደርገው ሲቆጠሩ ቆይተዋል።

በሥነ ምግብ ሳይንስ ሲመዘን ግን ይህ ምርጫ ሁልጊዜ ትክክል ሆኖ አይገኝም። ለእህሉ ጥቁረትን፣ ለባቄላው ቅርፊት ቡናማነትን፣ ለቡናውና ለሻዩ ምሬትንና አፍ የሚያኮማትር ጣዕምን ከሚሰጡት ነገሮች መካከል ፊኖሊክ ውህዶች ተብለው የሚጠሩት የዕፅዋት ንጥረ ነገሮች ይገኙባቸዋል።

እነዚህ ውህዶች የልብና የደም ሥር በሽታን የመሳሰሉ ተላላፊ ያልሆኑ በሽታዎችን በመከላከል ረገድ ሊኖራቸው ስለሚችለው ጥቅም ባለፉት አሥርት ዓመታት በርካታ ጥናቶች ተካሂደዋል። በሌላ በኩል እነዚሁ ውህዶች ከምግብ የሚገኘውን ብረት በመያዝ ወደ ደም እንዳይገባ የሚያደርጉበት ሁኔታ መኖሩ ተረጋግጧል። በመሆኑም ዋናው ጥያቄ ውህዶቹ ይጠቅማሉ ወይስ ይጎዳሉ የሚለው ሳይሆን፣ የትኛው ምግብ፣ ለማን፣ ከምን ጋርና በየትኛው ሰዓት ቢቀርብ ይጠቅማል የሚለው ነው።

ፊኖሊክ ውህዶች የሚባሉት ስድስት የካርቦን አቶሞች በሠሩት ቀለበት ላይ የኦክስጅንና የሃይድሮጅን ጥንድ የተያያዘባቸው ንጥረ ነገሮች ናቸው። እስከ አሁን ከ8 ሺህ በላይ የሚሆኑ ዓይነቶቻቸው በዕፅዋት ውስጥ መገኘታቸው ይገለጻል። ፊኖሊክ አሲዶች፣ ፍላቮኖይዶች፣ ሊግናኖችና ታኒኖች ከዋና ዋና ክፍሎቻቸው የሚጠቀሱ ናቸው።

ተክሉ እነዚህን ውህዶች የሚያመርተው ለራሱ ህልውና ነው። ከኃይለኛ የፀሐይ ጨረር ይከላከሉለታል፤ ምሬታቸውና አፍ ማኮማተራቸው ተባይን፣ ወፍንና እንስሳን ያርቅለታል፤ ቀለማቸው ደግሞ ዘሩን ለሚያራቡለት ነፍሳት ምልክት ይሆናል። በእህል ፍሬ ውስጥ በብዛት የሚገኙትም በውጫዊው ክፍል፣ ማለትም በቅርፊቱና በፉርሽካው አካባቢ ነው።

የውህዶቹን መኖር ለመረዳት ቤተ ሙከራ መግባት አያስፈልግም። እ.ኤ.አ. በ1858 በጀርመናዊው የዕፅዋት ተመራማሪ ዊልሄልም ሺምፐር አማካይነት ወደ ኢትዮጵያ እንደገባ የሚነገርለት ድንች ዛሬ የደቡብ ጎንደር ደጋ ዋነኛ ምርት ነው። ድንች ተልጦ ጥቂት ሲቆይ የሚጠቁረው በውስጡ ያለው ክሎሮጀኒክ አሲድና መሰል ፊኖሊክ ውህዶች በአንድ ኢንዛይም አማካይነት ከአየሩ ኦክስጅን ጋር ስለሚዋሐዱ ነው። ይኸው ክሎሮጀኒክ አሲድ በቡና ፍሬ ውስጥም በብዛት የሚገኝ ሲሆን፣ ቡናው ይበልጥ በተቆላ መጠን እየቀነሰ ይሄዳል።

ታኒን የተባለው ክፍል ደግሞ ለቆዳ ሠራተኞች እንግዳ አይደለም። በባህላዊ መንገድ ቆዳ በዛፍ ቅርፊት የሚለፋው በቅርፊቱ ውስጥ ያለው ታኒን ከቆዳው ፕሮቲን ጋር ተጣብቆ እንዳይበሰብስ ስለሚያደርገው ነው። ያልበሰለ ፍሬ ወይም የወፈረ ሻይ ሲቀመስ አፍ የሚኮማተረውም በተመሳሳይ ምክንያት ሲሆን፣ ታኒኑ ከምራቅ ፕሮቲን ጋር ይያያዛል።

በደቡብ ጎንደር ማዕድ ላይ ከሚቀርቡት እህሎች መካከል ዳጉሳ በዚህ ረገድ ቀዳሚ ነው። መነሻው የምሥራቅ አፍሪካ ደጋማ አካባቢ እንደሆነ የሚታመነው ይህ እህል ፍሬው ደቃቅ በመሆኑ ከነቅርፊቱ ይፈጫል፤ በቀይና በቡናማ ዓይነቶቹ ቅርፊት ውስጥም ታኒንን ጨምሮ ብዙ ፊኖሊክ ውህዶች ይገኛሉ። ከእህሎች ሁሉ በካልሲየም ይዘቱም ተጠቃሽ ነው።

ጤፍም እንዲሁ ከነቅርፊቱ የሚፈጭ እህል ነው። በጤፍ ውስጥ ጎልቶ የሚታየው ፌሩሊክ አሲድ የተባለው ፊኖሊክ አሲድ ሲሆን፣ ቀይ ጤፍ ከነጭ ጤፍ የበለጠ የፊኖሊክ ውህዶች ይዘት እንዳለው ጥናቶች አመልክተዋል። እ.ኤ.አ. በ1927 ወደ ኢትዮጵያ የመጣው ሩሲያዊው ተመራማሪ ኒኮላይ ቫቪሎቭ ዓይነቱ መብዛቱን ያደነቀለት የኢትዮጵያ ገብስም ጥቁርና ሐምራዊ ዓይነቶች ያሉት ሲሆን፣ ለሐምራዊው ቀለም መነሻ ከሆኑት አንዱ አንቶሳያኒን የተባለው የፍላቮኖይድ ዓይነት ነው።

ባቄላ በቅርፊቱ ታኒንን ይዟል። ከዚህም ሌላ ሌቮዶፓ የተባለ ፊኖሊክ ውህድ በውስጡ የሚገኝ ሲሆን፣ በተለይ በእሸቱና በቡቃያው ይበረታል። ይህ ውህድ እ.ኤ.አ. በ1913 በማርከስ ጉገንሃይም ከባቄላ ተለይቶ የወጣ ሲሆን፣ ከአሥርት ዓመታት በኋላ ለፓርኪንሰን በሽታ ዋነኛ መድኃኒት ለመሆን በቅቷል። ይህ ማለት ግን ባቄላ መብላት የሐኪም ትእዛዝን ይተካል ማለት እንዳልሆነ ሊታወቅ ይገባል፤ በእሸቱ ውስጥ ያለው መጠን ከእርሻ እርሻ የሚለያይ ነው።

በጾም ወራት ተቆልቶና ተወቅጦ የሚጠጣው ተልባ ሊግናን በተባለው ክፍል ከሚታወቁት የምግብ ዓይነቶች ሁሉ የሚልቅ ነው። ቀይ ሽንኩርት ኩዌርሰቲን የተባለውን ፍላቮኖይድ የሚይዘው በብዛት በውጨኛው ንብርብር ሲሆን፣ በአላላጥ ጊዜ ሥጋው ከቅርፊቱ ጋር በብዛት ሲነሳ አብሮ ይጣላል። ለእርድ ቢጫነቱን የሚሰጠው ኩርኩሚን፣ በርበሬን የሚያቃጥለው ካፕሳይሲን፣ በሰሜኑ ደጋ የሚበቅለውና በሺምፐር ስም የሳይንስ መጠሪያ የወጣለት ጦስኝ የሚሸተው ታይሞልና ካርቫክሮል፣ ሁሉም የዚሁ ሰፊ ቤተሰብ አባላት ናቸው።

የእነዚህ ውህዶች የጤና ጥቅም ታሪክ ረጅም ነው። ሃንጋሪያዊው የኖቤል ተሸላሚ አልበርት ሴንት ጆርጂ እ.ኤ.አ. በ1936 ፍላቮኖይዶችን «ቫይታሚን ፒ» ብሎ ሰይሟቸው ነበር። ይሁን እንጂ ውህዶቹ ቢጎድሉ ቫይታሚን ሲጎድል እንደሚደርሰው ያለ ግልጽ በሽታ የሚያመጡ ሆነው ባለመገኘታቸው ስያሜው እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹ ቀርቷል።

እ.ኤ.አ. በ1993 በኔዘርላንድስ ዙትፈን ከተማ የተካሄደ ጥናት ውጤት ጉዳዩን እንደገና አነሳው። ዕድሜያቸው ከ65 እስከ 84 ዓመት የሆነ 805 ወንዶችን ለአምስት ዓመታት የተከታተለው ይህ ጥናት ከሻይ፣ ከሽንኩርትና ከፖም ብዙ ፍላቮኖይድ ያገኙ የነበሩት ሰዎች በልብ ሕመም የመሞት ዕድላቸው ጥቂት ከሚያገኙት ጋር ሲነጻጸር ከግማሽ በታች ሆኖ ማግኘቱን አመልክቷል። ሆኖም እንዲህ ያለው ጥናት ዝምድናን እንጂ ምክንያትን አያረጋግጥም።

ምክንያቱን ለመፈተሽ በአሜሪካ 21 ሺህ 442 አረጋውያን የተሳተፉበት ሙከራ ተካሂዶ ውጤቱ እ.ኤ.አ. በ2022 ይፋ ሆኗል። በየቀኑ 500 ሚሊ ግራም የካካዎ ፍላቮኖይድ የተሰጣቸው ሰዎች በአጠቃላይ የልብና የደም ሥር ሕመም ክስተት አስተማማኝ ልዩነት አላሳዩም፤ በዚሁ በሽታ የሚደርሰው ሞት ግን በ27 በመቶ ያነሰ ሆኖ ተመዝግቧል። ውጤቱ ተስፋ ሰጪ ቢሆንም የመጨረሻ ፍርድ ተደርጎ አይወሰድም።

ለሽያጭ ማስታወቂያ የሚውለው «ፀረ ኦክሲዳንት» የሚለው ቃልም በጥንቃቄ ሊታይ ይገባል። የአሜሪካ ግብርና መሥሪያ ቤት የምግቦችን ፀረ ኦክሲዳንት ኃይል በቁጥር ደረጃ አውጥቶ ያሳይ የነበረውን የመረጃ ቋት እ.ኤ.አ. በ2012 አንስቶታል። የሰጠው ምክንያትም በመስታወት ብልቃጥ ውስጥ የተለካው ኃይል በሰው አካል ውስጥ ለሚኖረው ውጤት ማስረጃ ስለማይሆንና ቁጥሩም ለንግድ ማስታወቂያ አላግባብ ይውል ስለነበር ነው።

ይህ የሆነበት ምክንያት አለ። ከተበሉት ፊኖሊክ ውህዶች ወደ ደም የሚገቡት ጥቂቶቹ ሲሆኑ፣ አብዛኞቹ እስከ ትልቁ አንጀት ወርደው በዚያ ያሉ ባክቴሪያዎች ወደ ሌሎች አነስተኛ ውህዶች ይለውጧቸዋል። ጥቅም ካላቸውም ጥቅሙ የሚመጣው በእነዚህ ውላጆች፣ በደም ሥሮች መላላትና የስታርችን መፈጨት በማዘግየት ሊሆን እንደሚችል ይታሰባል። ይህም ሆኖ ያልተፈተገ እህል፣ ጥራጥሬና አትክልት በብዛት መመገብ ለጤና እንደሚበጅ በሰፊው ስምምነት የተደረሰበት ነው።

ከጥቅሙ ባሻገር ለአገራችን ይበልጥ አንገብጋቢ የሆነው የብረት ጉዳይ ነው። ፊኖሊክ ውህዶች፣ በተለይም ታኒንና ክሎሮጀኒክ አሲድ፣ በአንጀት ውስጥ ብረትን አጥብቀው ስለሚይዙ ብረቱ ሳይመጠጥ ይወገዳል። ይህ የሚበረታው ከእህልና ከጥራጥሬ በሚገኘው ብረት ላይ ሲሆን፣ ከሥጋ የሚገኘው ብረት እምብዛም አይነካም። የደጋው ገበሬ ቤተሰብ ብረት የሚያገኘው ደግሞ በአብዛኛው ከእህልና ከጥራጥሬ ነው፤ በጾም ቀናት ደግሞ ይበልጥ በእነዚሁ ላይ ይመሠረታል።

እ.ኤ.አ. በ1983 በአሜሪካ የታተመ ጥናት ነገሩን በቁጥር ያሳያል። አንድ ስኒ ቡና ከምግብ ጋር ሲጠጣ የብረቱ መመጠጥ በ39 በመቶ፣ ሻይ ሲጠጣ ደግሞ በ64 በመቶ ቀንሷል። ቡናው ከምግብ አንድ ሰዓት ቀደም ብሎ ሲጠጣ ግን ቅነሳ አልታየም። ከምግብ በኋላ አንድ ሰዓት ቆይቶ ሲጠጣ በአንጻሩ ቅነሳው ከምግቡ ጋር እንደተጠጣ ያህል ሆኗል።

ይህ ግኝት ቡና ለሚወድ ሕዝብ ትርጉም ያለው ነው። በብዙ ቤት ገበታው እንደተነሳ ረከቦቱ ይቀርባል፤ አቦል፣ ቶናና በረካ ተከታትለው ይጠጣሉ። በመሥሪያ ቤት አካባቢም ምሳ እንደተበላ ሻይ ማዘዝ የተለመደ ነው። ጤናማ ለሆነና የተሟላ ምግብ ለሚያገኝ ሰው ይህ ልማድ የከፋ ችግር ላያስከትል ይችላል። ነፍሰ ጡር ለሆነች፣ ለምታጠባ እናት፣ በወር አበባ ብዙ ደም ለሚፈስሳትና ገና በዕድገት ላይ ላሉ ሕፃናት ግን በየዕለቱ የሚደጋገም ኪሳራ ነው።

እ.ኤ.አ. በ2016 የተካሄደው የኢትዮጵያ የሥነ ሕዝብና የጤና ዳሰሳ ጥናት በአገር አቀፍ ደረጃ ዕድሜያቸው ከ6 እስከ 59 ወራት ከሆኑ ሕፃናት 57 በመቶው፣ ከ15 እስከ 49 ዓመት ከሆኑ ሴቶች ደግሞ 24 በመቶው ደም ማነስ እንዳለባቸው አሳይቷል። የደም ማነስ መንሥኤ የብረት እጥረት ብቻ አይደለም፤ ወባ፣ የአንጀት ጥገኛ ትላትሎችና ሌሎች ሕመሞችም ድርሻ አላቸው። ቢሆንም የብረት እጥረት ከዋናዎቹ መንሥኤዎች አንዱ ነው።

በእርግዝና ክትትል ወቅት ለእናቶች የሚሰጠው የብረትና ፎሊክ አሲድ ክኒንም በዚሁ ሕግ ይገዛል። ክኒኑ በሻይ ወይም በቡና ከተዋጠ የብረቱ ከፊል ይባክናል። ክኒኑን በውኃ መዋጥ፣ ቡናና ሻይንም ቢያንስ ሁለት ሰዓት ማራራቅ ምንም ወጪ የማይጠይቅ፣ ነገር ግን መንግሥት ለክኒኑ ያወጣውን ገንዘብ ከብክነት የሚያድን ምክር ነው።

ለዚህ ችግር የሚሆነው መፍትሔ በአብዛኛው በራሱ በአገሬው ማድ ቤት ውስጥ ይገኛል። ሊጥ በእርሾ ለሁለትና ለሦስት ቀናት ሲብላላ ፊቴት የተባለው ሌላው ብረት ያዥ ንጥረ ነገር ይቀንሳል፤ ከእህሉ አሰር ጋር ተጣብቀው የነበሩ ፊኖሊክ አሲዶችም ሊለቀቁ ይችላሉ። ዳጉሳን አብቅሎ መፍጨት ታኒኑን ያሳንሰዋል። ባቄላን ዘፍዝፎ ውኃውን መድፋትና ቅርፊቱን አንስቶ መከካትም እንዲሁ።

ቫይታሚን ሲ ደግሞ የፊኖሊክ ውህዶችን ብረት የመያዝ ኃይል ይቋቋማል። በመሆኑም ሽሮ ወይም ክክ ወጥ ከጥሬ ቃሪያ፣ ከቲማቲም ሰላጣ ወይም ሎሚ ከተጨመቀበት ጎመን ጋር ቢቀርብ ከእህሉ የሚገኘው ብረት በተሻለ ሁኔታ ወደ ሰውነት ይገባል። ቫይታሚን ሲ በረጅም ማብሰል የሚጠፋ በመሆኑ ቃሪያውና ሎሚው በማዕዱ ላይ በጥሬው መቅረባቸው ተመራጭ ነው።

እዚህ ላይ ስለ ጤፍ ብረት በተለምዶ የሚነገረው ነገር ማስተካከያ ያስፈልገዋል። በጤፍ ውስጥ ተለክቶ የተገኘው ከፍተኛ የብረት መጠን ጉልህ ክፍል በአውድማ ላይ በከብት ሲወቃ ከሚቀላቀለው አፈር የመጣ መሆኑን ከአሥርት ዓመታት በፊት የተደረጉ ጥናቶች አመልክተዋል። የአፈሩ ብረት ደግሞ ለሰውነት የሚሰጠው ጥቅም አነስተኛ ነው። ስለዚህ «ጤፍ እስከበላን ድረስ የብረት ችግር የለብንም» የሚለው መዘናጋት ተገቢ አይሆንም።

የፎገራ ሩዝም ሌላ ጉዳይ ያነሳል። እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ በሰሜን ኮሪያ ባለሙያዎች እገዛ የተስፋፋው ይህ ሰብል የአካባቢውን ገበሬ ኑሮ የለወጠ ሲሆን፣ ዱቄቱ ከጤፍ ጋር ተቀላቅሎ እንጀራ ይጋገርበታል። ሩዙ ነጭ እስኪሆን ሲፈተግ ግን ፊኖሊክ ውህዶቹና ቫይታሚን ቢ አንድን ጨምሮ ጠቃሚ ነገሮች በፉርሽካው ውስጥ ቀርተው ለከብት መኖ ይውላሉ። ነጩን ሩዝ ከቀይ ጤፍ ወይም ከዳጉሳ ዱቄት ጋር ማደባለቅ የጎደለውን በከፊል ለመተካት ይረዳል።

ከተፈጥሮ የተገኘ ሁሉ ጉዳት የለውም የሚለው አስተሳሰብም ትክክል አይደለም። በደጋው የሚበቅለው ኮሶ ለዚህ ጥሩ ምስክር ነው። የኮሶ ትል ገዳይነት የሚመጣው ከራሱ ፊኖሊክ ውህዶች ሲሆን፣ መድኃኒቱ በ19ኛው ክፍለ ዘመን እስከ አውሮፓ ድረስ ታውቆ ነበር። መጠኑ ሲያልፍ ግን ዓይንን እስከ መጉዳት የሚደርስ መርዝ ይሆናል፤ ነፍሰ ጡር እንዳትጠጣው የሚከለክለው የአበው ምክርም ከዚሁ የመነጨ ነው።

በዘመናዊው ዓለምም ተመሳሳይ ነገር ታይቷል። የአውሮፓ የምግብ ደኅንነት ባለሥልጣን እ.ኤ.አ. በ2018 ከአረንጓዴ ሻይ የሚጨመቀው ዋነኛው ፍላቮኖይድ በክኒን መልክ በቀን 800 ሚሊ ግራምና ከዚያ በላይ ሲወሰድ ለጉበት ሥጋት ሊሆን እንደሚችል አስታውቋል። ሻዩን በስኒ መጠጣትና ጭማቂውን በክኒን መዋጥ አንድ አይደሉም።

ከዚህ ሁሉ የሚወሰደው ትምህርት ለጤና፣ ለግብርናና ለትምህርት ዘርፍ ኃላፊዎች ቅርብ ነው። እ.ኤ.አ. በ2015 ይፋ የሆነው የሰቆጣ ቃል ኪዳን እ.ኤ.አ. እስከ 2030 ድረስ ዕድሜያቸው ከሁለት ዓመት በታች በሆኑ ሕፃናት ላይ የሚታየውን መቀንጨር ለማስቀረት ግብ አስቀምጧል። እ.ኤ.አ. በ2016 በአማራ ክልል ዕድሜያቸው ከአምስት ዓመት በታች ከሆኑ ሕፃናት 46 በመቶው የቀነጨሩ ነበሩ፤ አገር አቀፉ አኃዝ 38 በመቶ ነበር። መቀንጨርን አንድ ንጥረ ነገር ብቻ አያመጣውም፣ አንድ ምክርም ብቻውን አያስቀረውም። በማዕድ ላይ ያለውን ምግብ ሰውነት በሚገባ እንዲጠቀምበት ማድረግ ግን የመፍትሔው አካል ነው።

በዚህም መሠረት እ.ኤ.አ. ከ2003 ጀምሮ በየቀበሌው የተዘረጋው የጤና ኤክስቴንሽን አገልግሎት የቡናውን ሰዓት ከምግቡና ከብረት ክኒኑ የማራራቅን ምክር ከመደበኛው የሥነ ምግብ ትምህርት ጋር ቢያስተላልፍ፣ ለሕፃናት የሚዘጋጀው የገንፎ ዱቄት ከበቀለ ዳጉሳና ከተከካ ባቄላ እንዲሆን ቢያስተምር ውጤቱ ጉልህ ሊሆን ይችላል። የግብርና ባለሙያዎችም ቀይ ጤፍ፣ ጥቁር ገብስና ዳጉሳ በቀለማቸው ምክንያት ከማሳ እንዳይጠፉ ገበሬውን ማበረታታት ይችላሉ። የትምህርት ቤት ምግብ የሚያዘጋጁ አካላት ደግሞ ከባቄላው ጎን ቃሪያና ሎሚ እንዲቀርብ ቢያደርጉ ተጨማሪው ወጪ አነስተኛ ነው።

የመሥሪያ ቤቱ ሠራተኛም ቢሆን ለውጡን ከራሱ ጠረጴዛ መጀመር ይችላል። ቡናውን ወይም ሻዩን ምሳ እንደተበላ ከመጠጣት ይልቅ ከምግብ አንድ ሰዓት ቀደም አድርጎ ወይም ከምግብ በኋላ ሁለት ሰዓት ቆይቶ መጠጣት፣ ከነጩ እንጀራ ጎን ጥቁሩንም ማስለመድ ገንዘብ የማይጠይቅ ውሳኔ ነው። የደቡብ ጎንደር ደጋ ገበሬ ከነቅርፊቱ ያመረተውን እህል ከነጥቅሙ ወደ ማዕድ ማድረስ፣ ጉዳቱንም በሰዓትና በአዘገጃጀት መቀነስ ይቻላል። ለዚህ የሚያስፈልገው አዲስ ምግብ ሳይሆን በእጅ ስላለው ምግብ በቂ ዕውቀት ነው።